በእቴቴ ግቢ የሠራኋቸው ስህተቶች፦ የተጣሉ እንስሳትን በቤታችሁ ለምታስጠጉ

አክስቴን ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ ነበር የሚላት። ደብረ ብርሃን፣ ከበሬሳ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ትኖር ነበር። ልጅ አልወለደችም። ግቢዋ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። የተጣለ ቡችላ፣ እግሯ የተሰበረ ድመት፣ አርጅታ ጭነት አልችል ስትል ባለቤቷ የለቀቃት አህያ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እሷ ደጅ ነበር የሚደርሰው። የውሾቿን ስም እንደ ድሮ ሰው ለጎረቤት መልእክት ታደርገው ነበር። አንዱ "ታዘበው" ይባላል። ሌላው "ምን ገዶኝ"። "ታዘበው! ና ወዲህ!" ብላ ስትጣራ ለማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል።

በ2012 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አረፈች። ግቢው ለኔ ደረሰኝ። ከነአምስት ውሻው፣ ከነሦስት ድመቱ፣ ከነአህያዋ። "እሷ የጀመረችውን እቀጥላለሁ" አልኩ። ይህን ያልኩት ለቅሶ ላይ ነው። ለቅሶ ላይ የሚባል ነገር ደግሞ ሒሳብ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። አንዳንዱ ገንዘብ ነው ያስከፈለኝ። አንዳንዱ ነፍስ። ቅደም ተከተሉ እንደመጣልኝ ነው።

በተዝካር ቀን ጥሬ ሳምባ መወርወር

አርባዋ የገና ጾም ሳይገባ ደረሰ። በጎች ታረዱ። እኔም ሳምባውንና ጉበቱን ለቃቅሜ ለውሾቹ አከፋፈልኩ። "ዛሬ የሷ ቀን ነው፣ እነሱም ይብሉላት" እያልኩ። አንዱ ሳምባ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ እብጠቶች ነበሩበት። አራጁ ቆርጦ "ይሄ ለሰው አይሆንም" አለና ለ"ምን ገዶኝ" ወረወረለት። ማንም ምንም አላለም። በየቤታችን ስናደርገው የኖርነው ነገር ነው።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ፣ አንድ የእንስሳት ሐኪም ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳኝ ነው። እነዚያ እብጠቶች የአንድ የትል ዓይነት እጭ የያዙ ናቸው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። መጠኑ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ውሻው የታመመ አይመስልም። እንቁላሉ ግን ከኩሱ ጋር ሣር ላይ ይወጣል። በጉ ሣሩን ይግጣል። እኛ ደግሞ ውሻውን እናሻሻለን፣ በዚያው እጃችን ቆሎ እንቆረጥማለን። ሰው ውስጥ ሲገባ ጉበት ወይም ሳምባ ላይ ያችኑ የውሃ እብጠት ይሠራል። ለዓመታት ሳይሰማን ያድጋል። ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

በበግ አገር እየኖርን ይህን አለማወቃችን ይገርመኛል። አሁን በእኔ ግቢ ጥሬ የሆድ ዕቃ ለውሻ አይሰጥም። ሳምባና ጉበት ተቆራርጦ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲንተከተክ ይቆያል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ይቀርባል። እብጠት ያለበት ከሆነ ጭራሽ አይቀርብም። ይቃጠላል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል። የትል መድኃኒት ስትገዙም ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ጠይቁ። "የትል ነው" ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ለዚህኛው አይሠራም።

"እናታቸው ጥላቸው ሄዳ ነው" ብሎ መቸኮል

ከጠባሴ ስመለስ አንድ ድንጋይ አጥር ሥር አራት ቡችላ አየሁ። እያለቀሱ ነው። እናት የለችም። ኮቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። በማግስቱ በዚያው ሳልፍ አንዲት ጡቷ የተንጠለጠለ ውሻ ያንን ድንጋይ እየዞረች ታሸታለች። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

እናት ውሻ ምግብ ፍለጋ ትሄዳለች። ሰው አጠገቧ ከቆመ ደግሞ ተደብቃ ትጠብቃለች እንጂ አትመጣም። ራቅ ብላችሁ ቁሙ። አንድ ሁለት ሰዓት ታገሡ። ቡችሎቹ ወፍረው፣ ተቃቅፈው፣ ጸጥ ብለው ከተኙ እናት አለቻቸው። ከስተው፣ ቀዝቅዘው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ የሚያለቅሱ ከሆነ ነው ማንሳት። ያኔም እናቲቱን ከነልጆቿ ማስጠጋት ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል።

የቀዘቀዘ ቡችላ ወተት ማጠጣት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አዲስ የተወለደ ቡችላ ወይም የድመት ግልገል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ አይችልም።

እኛ የተራበ ነገር ስናይ መጀመሪያ የምናስበው ማብላት ነው። እኔም እንደዚያው። በብርድ የደረቀ ቡችላ ይዤ፣ ትኩስ የላም ወተት በመርፌ አልባ ስሪንጅ ጨመቅኩለት። ሌሊቱን ሞተ። ሰውነት ሲቀዘቅዝ አንጀት ይቆማል። የገባው ወተት አይፈጭም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ምግብ። ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገቡ። ከቀዘቀዘ ወተት የለም። ደረታችሁ ላይ፣ ከልብሳችሁ ሥር አድርጉት። ወይም የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎኑ አድርጉለት። ቀስ ብሎ ይሙቅ። እሳት አጠገብ ማስጠጋት ሌላ ጣጣ ነው፤ የከሰሉ ጭስ ከብርዱ ቀድሞ ይገድለዋል።

ስታጠቡትም እንደ ሕፃን ልጅ በጀርባው አታንጋልሉት። በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚጠባው። ካልሆነ ወተቱ ወደ ሳምባ ይሄዳል። ከጠባ በኋላ ከሆዱ በታች በእርጥብ ጨርቅ አሹት፤ በዚያ ዕድሜ ሳይነኩት አይሸናም። እናቱ ስትልሰው የምትሠራው ሥራ ይኸው ነው። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ካገኛችሁ እሰየው። ካልሆነ የምታጠባ ሌላ ውሻ ማፈላለግ ይሻላል። "ታዘበው"ን ያሳደገችው የሌላ እናት ናት፤ እቴቴ ነበረች የነገረችኝ።

አዲሱን እንግዳ ከነባሮቹ ጋር መቀላቀል

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

የእቴቴ ጋቢ ነበር። ራሷ ፈትላ ያሠራችው። ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው፣ አንዳንዴ ሳጥኑን ከፍቼ አሸተው ነበር። የእጣንና የጭስ ሽታ፣ ትንሽም የቅቤ። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ አንድ ሰው ሦስት ወር ያልሞላት ቡችላ በካርቶን አምጥቶ በሩ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ዝናብ ነው፣ ትንቀጠቀጣለች። ሳጥኑን ከፈትኩና በጋቢው ጠቀለልኳት። "እቴቴ ብትኖር ይህንኑ ታደርግ ነበር" አልኩ። ከሌሎቹ ቡችሎች ጋር አንድ ክፍል አስተኛኋት።

በሦስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረች። ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ሽታውን አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። ፓርቮ ይባላል፤ ቫይረስ ነው። እሷ ሞተች። ከሷ በኋላ በሳምንት ውስጥ ሌሎች ሦስት ሞቱ።

ሐኪሙ ጋቢውን አይቶ "ይሄን ምን ልታደርገው ነው?" አለኝ። ቫይረሱ ጨርቅ ላይም አፈር ላይም ለወራት ይቆያል፤ አፈር ላይ እስከ ዓመት ሊደርስ ይችላል። ሳሙና ብቻውን አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል። ግን እጅ ፈትል ጋቢ በበረኪና ምን ይተርፈዋል? ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩት። እናቴ መጥታ አመዱን ስታይ አልተቆጣችም። "ጨርቅ ነው" ብላ ገባች። ማታ ግን ራት አልበላችም።

አሁን ሕጉ እንዲህ ነው። አዲስ የመጣ ውሻ ወይም ድመት 14 ቀን ለብቻው ይቆያል። ለብቻው ማለት የራሱ ክፍል፣ የራሱ ሳህን፣ የራሱ መጥረጊያ። መጀመሪያ ነባሮቹን አብልቼ አጽድቼ ነው መጨረሻ ላይ እሱ ጋ የምገባው። ለሱ ብቻ የማደርገው ቦቲ ጫማ በሩ ላይ አለ። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና አጥባለሁ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ አድርጌ አስር ደቂቃ አቆይበታለሁ። ቆሻሻው ሳይነሳ በረኪና መድፋት ከንቱ ነው። ቡችላ የሞተበት አፈር ላይ ደግሞ ያልተከተበ ቡችላ ለዓመት አይረግጥም።

መኝታቸው የማዳበሪያ ጆንያና ገለባ ነው። ርካሽ ነው፣ ይቃጠላል፣ ይተካል። የምትወዱትን ሰው ልብስ ለታመመ እንስሳ አታልብሱ። ማስታወሻችሁን ሰው የማይነካው ቦታ አስቀምጡት።

ጥርስ ያረፈበትን "ጭረት ናት" ብሎ ማለፍ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ እንስሳ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ጉዳዩ በሙሉ ያለው በዚህች ልዩነት ውስጥ ነው።

ሁልጊዜ አረፋ የሚደፍቅ፣ የሚናከስ ውሻ አትጠብቁ። ጥግ ይዞ የሚያዛጋ የሚመስል፣ መንጋጭላው የተንጠለጠለ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻም ያው ሊሆን ይችላል። "አጥንት ተሰክቶበት ነው" ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ የምትከቱት ያኔ ነው። ቡችላም ይይዘዋል። ድመትም። አህያም።

ከተነከሳችሁ ወይም ከተቧጨራችሁ ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ያዙ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት ይረዝማል። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ጸበሉንም ሂዱ፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ግን ከክትባቱ በኋላ። ውሻው ወይም ድመቷ በሕይወት ካሉ ታስረው 10 ቀን ይታያሉ። ውሻውን ወዲያው ደብድቦ ገድሎ መጣል ማወቅ የሚቻለውን ነገር ይደመስሳል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሳይነከስ በፊት ራሱ ቢከተብ ጥሩ ነው። ውሾቹ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላቸው ይከተባሉ፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል።

ያልተከተበ ውሻ ለሰው መስጠትም እዚሁ ስህተት ውስጥ ይገባል። አንዴ ከመንዝ ለገበያ ለመጣ ገበሬ ሁለት ወጠጤ ውሾች ሰጠሁ። በጎቹን ይጠብቁለታል ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ ሳስበው ቤቱ የጓሳ ጥግ ነው። ጓሳ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት የጠበቀው ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮ አለበት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ የቀረውም ከ500 አይበልጥም ነው የሚባለው። ባሌ ላይ ከውሻ በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ አልቋል። ሰውየውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ፈልጌ አገኘሁት። ውሾቹን አስከተብናቸው። ወጪው የኔ ነበር፣ ይገባኛል።

የራስን መድኃኒት ማካፈል

ባጭሩ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ግማሽ ክኒን ትገድላለች። አይቡፕሮፌን ውሻም ድመትም ይጎዳል። "ለልጄ የተረፈ ሽሮፕ" የሚባል ነገር የለም።

ሁዳዴን አለማሰብ

ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ አታገኙትም። የውሻዎቻችን ምግብ የኛ ትራፊ ነው። እኛ ስንጾም እነሱም ሳይወዱ ይጾማሉ። 55 ቀን! በመጀመሪያው ዓመት በሦስተኛው ሳምንት ጎናቸው ይቆጠር ነበር። የሽሮና የምስር ፍርፋሪ አልበቃቸውም። ጭራሽ ሽንኩርቱ ይጎዳቸዋል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ድመት ደግሞ ያለ ሥጋ አትኖርም። እንደ ውሻ በእህል ልትገፋ አትችልም።

አሁን ከቅበላ በፊት ሥጋ በስሱ ዘልዝዬ፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቋንጣ አደርጋለሁ። የገብስ ቅንጬ አብስዬ ቋንጣውን ቀቅዬ እቀላቅልበታለሁ። እንቁላል ቀቅዬ እጨምራለሁ። የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት ነው፤ ባለቤቱ ቁርጥራጭ ያስቀምጥልኛል። የፋሲካ ዕለት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የዶሮ ወጥ አጥንት። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። እንግዶቻችሁን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። እነሱ በፍቅር ነው የሚወረውሩት።

አህያዋንም በጾም ማታ ማታ በረት ውስጥ ዝጉባት። ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ መርምረው፣ በሁዳዴ ጅቦቹ አህያ አብዝተው እንደሚበሉ አይተዋል። ሥጋ ከቤታችን ሲጠፋ ቆሻሻ መጣያው ላይ አጥንት ያጣሉ። የኛ ጅቦች ይለዩ ይሆን ብዬ አልሞከርኩም።

ሴቷን "ገና ልጅ ናት" ማለት

ውሻ በስድስት ወሯ ማርገዝ ልትችል ትችላለች። 63 ቀን ትቆያለች፣ ከዚያ ስድስት ሰባት ትጥላለች። ድመት ከዚያም ትብሳለች። እኔ "ገና ልጅ ናት" ያልኳት ውሻ የልጅ ልጅ አይታለች። የሚያመክን ሐኪም ቀድማችሁ አፈላልጉ። እስከዚያ ወንዱንና ሴቷን በእንጨት አጥር ሳይሆን በድንጋይ ግንብ ለዩ። የእንጨቱን አጥር ሞክሬዋለሁ።

ጎረቤትን መርሳት

እቴቴ በየበዓሉ ድፎ ዳቦ ደፍታ ለአራቱም ጎረቤት ትልክ ነበር። እኔ ደግነት መስሎኝ ነበር። ለካ የጩኸት ኪራይ ነው። ውሾቹ ሌሊት ሲጮኹ ማንም ቀበሌ አልሄደባትም።

እኔ ዳቦውን ተውኩት። ወንድ ልጅ ድፎ ዳቦ ይደፋል እንዴ ብዬ። በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተከሰስኩ። አንድ ጠዋት አንድ ውሻ መርዝ በልቶ አገኘሁት። ማን እንዳደረገው አልጠየቅኩም። ዳቦ ቤት ሄጄ አራት ትልልቅ ዳቦ ገዛሁና በር አንኳኳሁ። ማታ ማታ ውሾቹን ወደ ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ። ለየቤቱ የድመት ግልገል ሰጠሁ፤ አይጥ ያላስቸገረው ሰው የለም። አሁን አዲስ የሚያደፍጥ ሰው ካዩ ደውለው የሚነግሩኝ እነሱው ናቸው።

"እቴቴ ብትኖር" እያሉ ሁሉንም መቀበል

በአንድ ወቅት 17 ውሻ ነበረኝ። ሥራዬን ትቼ ማለት ይቻላል። ደመወዜ ለሩዝና ለመድኃኒት ያልቃል። የታመመውን ለመለየት ጊዜ አላገኝም ነበር። አንዱን እምቢ ማለት እሷን እምቢ ማለት ይመስለኝ ነበር። ደጅ ላይ ካርቶን ባየሁ ቁጥር እሷ የላከችው ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቀን ከእቴቴ ጋር ጽዋ የሚጠጡ አንዲት እናት ሊጠይቁኝ መጡ። ግቢውን አይተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ምነው ልጄ፣ ይሄ ሁሉ?"

"እሷ ማንንም አትመልስም ነበር እኮ፣ እማማ።"

"ማን አለህ? ስንቱን መልሳለች! ከአምስት ውሻ በላይ ይዛ አታውቅም። ስድስተኛ ሲመጣ አንዱን ለሰው ካልሰጠች አታስገባም ነበር። እኔ ቤት ያለው ውሻ ከሷ አይደል የመጣው?"

እኔ በክረምት ዕረፍት እየመጣሁ የማያቸው አምስቱ ሁልጊዜ ያው አምስቱ ይመስሉኝ ነበር። ይለዋወጡ ነበር። ያስታወስኳት አክስቴን አልነበረም። በለቅሶ ላይ የፈጠርኩትን ሰው ነበር።

አሁን ሰባት ውሻ አለኝ። ወደ አምስት እየወረድኩ ነው። ሰው ሲመጣ ቤት ውስጥ አስቀምጬ ሻይ አጠጣለሁ፣ ከዚያ "ቦታ የለኝም፤ ግን ለሳምንት የምታበላውን ልስጥህ፣ እኔ ወሳጅ ላፈላልግ" እላለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል። አንዳንዱ ሳምንቱ ሲያልቅ ውሻውን ወዶት እዚያው ይቀራል።

የዘንድሮ ሙት ዓመቷ ደርሷል። ሁለት በግ እናርዳለን። ለሳምባው ማብሰያ ብዬ ዕድሩ ጋ ትልቁን ብረት ድስት ልዋስ ሄድኩ። ዕቃ ጠባቂው መዝገቡን ገልጦ "ለስንት እንግዳ?" አለኝ። "ለሰባት ውሻ" አልኩት። መዝገቡን ዘጋው። ግማሽ በርሜል ፈልጌ ገዝቻለሁ።